አያትም፣ አዘጋጅም፣ መንገደኛም

አያት ከሆንኩ ወዲህ በተደጋጋሚ የምሰማው ጥያቄ አለ። «አሁንም ትሄጃለሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ እሄዳለሁ። ሥራዬ ስብሰባ፣ ሥልጠናና ትልልቅ መድረኮችን ማዘጋጀት ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዶ መቆምን ይጠይቃል። የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ጎረምሳ እየሆነ ነው፣ ትንሿ ገና አፏን እየፈታች ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። እነሱን ከምንም በላይ እወዳቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው በእኔ ቦታ ላላችሁ አያቶች ነው። እናቱ ወይም አማቱ እንደ እኔ መንገደኛ የሆነችበት ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል።

በእነዚህ ዓመታት የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ቤተሰብ መሄድን ይችለዋል። የሚከብደው መጠራጠር ነው። «ትመጣ ይሆን? ትቀር ይሆን?» እያሉ መጠበቅ ትልቁንም ትንሹንም ያደክማል። ስለዚህ የሥራዬንም የቤቴንም ነገር መልክ ያስያዝኩት በዚህ ነው። አለሁ ካልኩ አለሁ። የማልኖር ከሆነ ቀድሜ እናገራለሁ።

ይህን ያስጀመረችኝ ልጄ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወደ ሥራ ልትመለስ ስትል ቁጭ ብለን ተነጋገርን። «እማዬ» አለችኝ፣ «ሁልጊዜ ካልመጣሽ አልልሽም። ግን አለሁ ባልሽኝ ቀን ሌላ ሰው አልፈልግም። አንቺን ተማምኜ ነው የምወጣው።» ከዚያ በኋላ ቃሌን በሁለት ከፈልኩት። አንዱ ቁርጥ ነው። ሌላው «ከቻልኩ» ነው። ቁርጥ ባልኩበት ቀን ሥራ ቢመጣ የሚገፋው ሥራው ነው። «ከቻልኩ» ባልኩበት ቀን ልጄ ሌላ ሰው ታዘጋጃለች፤ እኔ ከደረስኩ እሰየው። ለልጆቹ የሚነገራቸው ቁርጡ ብቻ ነው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ትልቅ ሰው «ከቻልኩ» ሲባል ይረዳል። የአራት ዓመት ልጅ ግን የሚሰማው «እመጣለሁ» የሚለውን ነው።

ከምራቴም ጋር እንዲሁ ነው። ከእሷ ጋር በቀጥታ ነው የምነጋገረው። በወንድ ልጄ በኩል መልእክት አልልክም። ልጁን የምታሳድገው እሷ ናት፤ ሰዓቱንም የምታውቀው እሷ ናት።

ቀን መቁጠሪያው ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ይቀድማል። ዓመቱ ሲጀምር፣ ገና አንድም ሥራ ሳልቀበል፣ የልደት ቀኖችን፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ጊዜ፣ የወላጆች ቀንንና የራሴን የሐኪም ቀጠሮ እጽፋለሁ። ሥራው የሚገባው በተረፈው ላይ ነው።

ዝግጅት ሲጻፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ካላንደሩ ላይ የሚጽፈው ዝግጅቱ የሚካሄድበትን ቀን ብቻ ነው። ሥራው ያ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቸገርም ነበር። ከዚያ በፊት አዳራሹ የሚሰናዳበት፣ ድምፅና መብራት የሚሞከርበት ቀን አለ። ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚነሳበትና ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን አለ። ጉዞው ሲጨመርበት የአንድ ቀን መድረክ ሳምንት ይበላል። እኔ ሳምንቱን በሙሉ አቀልመዋለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ያለውንም አንድ ቀን እጨምርበታለሁ። ልጄ ካላንደሬን ከስልኳ ላይ ታየዋለች። «መቼ ነው የምትሄጂው?» ብላ መጠየቅ አያስፈልጋትም።

ከሁሉም የሚከብደው ከመሄድ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ አያርፍም። ተጋባዦች የሚያረጋግጡት፣ የሚሰርዙትና ስም የሚያስቀይሩት ያኔ ነው። መስተንግዶ የያዘው ድርጅትም የመጨረሻውን የሰው ቁጥር ከጥቂት ቀናት በፊት ይጠይቃል። ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ሰው ቢቀንስም ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም። በእነዚያ ሳምንታት በአካል ቤት ነኝ፤ ልቤ ግን እዚያ ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ቃል አልገባም። ለልጆቹ የምሰጣቸው አጭር ሰዓት ነው፤ ግን ስልኬ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ ሳላይ። ግማሽ ቀን አብሬያቸው ውዬ በየደቂቃው ስልክ ከማነሳ ይህ ይሻላቸዋል።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። የቤተሰብ ጊዜዬን ያተረፈልኝ ከካላንደሩም በላይ ምክትሌ ናት።

ብዙ አዘጋጅ ረዳት አለኝ ይላል። ረዳቷ ግን ወንበር ለማንቀሳቀስ እንኳ ደውላ የምትጠይቅ ከሆነ ሥራው አሁንም ያለው በአዘጋጇ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለች አዘጋጅ የልጅ ልጇ ቢታመም ሥራውን ጥላ መሄድ አትችልም። እኔ ከምክትሌ ጋር የተስማማነው በጽሑፍ ነው። እስከዚህ ብር ድረስ ሳትጠይቂ ወስኚ። ተናጋሪ ቢዘገይ፣ መቀመጫ ቢቀያየር፣ መኪና ቢበላሽ፣ ፕሮግራም ቢገፋ፣ የአንቺ ውሳኔ ነው። የምትደውይልኝ ሰው ከተጎዳ፣ አዳራሹ ከታጣ ወይም ከተባለው ብር በላይ ከተጠየቀ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ፈርታ ነበር። «እርስዎ ቢያዩት አይሻልም?» ትለኝ ነበር። እኔም «አንቺ እንዴት ታዪዋለሽ?» እላትና የምትለውን አስፈጽማለሁ። ቀስ በቀስ መደወሏን ተወች።

ለዚህ የሚያስፈልገው የደቂቃ ፕሮግራም ነው። ለተጋባዥ የሚታደለውን ማለቴ አይደለም። ለእኛ ለሠራተኞች የሚሆነውን ማለቴ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓቱ፣ የሚሠራው ነገር፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ስልኩና እሱ ቢቀር የሚተካው ሰው ይጻፋል። በር ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማይክ ማን እንደሚያቀብል፣ የማይኩ ተጨማሪ ባትሪ የት ኪስ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ይጻፋል። ጽፌ ስጨርስ ስለ ዝግጅቱ ምንም ለማታውቅ ሴት እሰጠዋለሁ። «ከጠዋት እስከ ማታ ቀኑን ተራመጂበት» እላለሁ። ጥያቄ የጠየቀችኝ ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለበት። «ዋናው እንግዳ ከመኪና ሲወርድ ማን ይቀበለዋል?» ካለችኝ የእንግዳ መቀበል መስመሩ ጎድሏል ማለት ነው።

ውሉንም እንዲሁ። የአዳራሽ ውል ላይ የማልዘለው ብሰርዝ ስንት እንደምከፍል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም ምን እንደሚባል፣ እንዲሁም ለዝግጅት አዳራሹ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከፈትልን የሚለውን ነው። ውሉ ላይ ከእኔ ስም ጋር የምክትሌም ስም ይግባ እላለሁ። እኔ በሌለሁበት ፊርማዋ ካልሠራ ምክትልነቷ ስም ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሌሊት ተፈተነ። ለመብረር ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጫለሁ። ልጄ ደወለች። ትንሿ ትኩሳቱ አልበርድ ብሏት ሆስፒታል ወስደዋታል፣ ትልቁን የሚይዝላት ሰው የላትም። ምክትሌን ጠራኋት። ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። በር ላይ ቆመን ማህደሩን፣ የስም ዝርዝሩንና ተለጣፊ ወረቀት የሞላበትን የደቂቃ ፕሮግራም አስረከብኳት። «ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?» ስላት ጥቂት አሰበችና «የለም፣ የሚበላሽ ነገር ካለ እዚያው አየዋለሁ» አለችኝ። ሄደች። እኔ ትልቁን ይዤ አደርኩ። ትንሿ በማግስቱ ተሻላት። ዝግጅቱም ተካሄደ፣ ሂሳቡም ተዘጋ። ምክትሌ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነች፤ አሁን የራሷን መድረኮች ትመራለች፣ በዚህም እጅግ እኮራባታለሁ።

ርቄ ስሄድ ደግሞ ከልጆቹ ጋር የምገናኝበት መንገድ እንደ ዕድሜያቸው ይለያያል። ለሕፃን ስክሪን አይመከርም። ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ይቅር ሲል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል። ስለዚህ ያለ ሥጋት እደውላለሁ። አጭር አደርገዋለሁ፤ አጠገቧም እናቷ ወይም አባቷ መኖር አለባቸው። ስለ ሆቴሌ አላወራትም። አንድ ዘፈን አለን፣ እሱን እዘፍንላትና እጄን አውለበልባለሁ። ሁልጊዜ ያው ዘፈን ነው። ከጉዞ ስመለስ በር ላይ ያንኑ ስጀምር ትስቃለች።

ለመሃለኛው የልጅ ልጄ «ሐሙስ እመለሳለሁ» ማለት ምንም አይነግረውም። «ስንት ጊዜ ተኝተን ስንነሳ?» ይለኛል። ከመሄዴ በፊት ወረቀት ላይ ሣጥን ሣጥን አድርገን እንስላለን። ማታ ማታ አንዷን ይሰርዛል። አንድ ተጨማሪ ሣጥን ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ በረራ ይዘገያልና። ቀድሜ ብመጣ ደስታ ነው። ያለዚያች ሣጥን ዘግይቼ ብመጣ ግን የሚሰርዘው ያጣል።

ጎረምሳው ስልክ አያነሳም፤ በጽሑፍ ነው የምንገናኘው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብዬ አልጠይቀውም። «ደህና» ነው የሚለኝ። ስለ አንድ ነገር፣ ስለ አሰልጣኙ ወይም ስለሚሠራው ቪዲዮ እጠይቀዋለሁ። እኩለ ሌሊት ላይም ቢሆን ይመልስልኛል።

የሰዓት ልዩነት ካለ ስልኬ ላይ የቤቱን ሰዓት ካለሁበት አገር ሰዓት ጎን አስቀምጣለሁ። የምደውለው ሊተኙ ሲሉ ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጅ ማውራት ይፈልጋል። አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን እንደሚያዞሩ አትርሱ። ባለፈው ጉዞ የሠራው ልዩነት በሚቀጥለው ላይሠራ ይችላል።

ስጦታን በተመለከተ የራሴ አቋም አለኝ። በየጉዞው ስጦታ አላመጣም። ስመለስ ዓይናቸው ሻንጣው ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። የማመጣላቸው ወሬ ነው። ያየሁትን አንድ ነገር መርጬ፣ በደንብ አስታውሼ እነግራቸዋለሁ።

ሥራዬንም አልደብቃቸውም። መሃለኛው የአዳራሽ አቀማመጥ ስሠራ አጠገቤ ይሆናል። ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ አዳራሹን በመጠኑ አሳንሼ እስላለሁ። ክብ ክብ ወረቀት ቆርጬ እሰጠዋለሁ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል፣ 1 ሜትር ከ50 የሆነው 8 ሰው። ትልቁን ክብ ቀይ ቀብቶታል፣ ትንሹን ሰማያዊ። በሆዱ ተኝቶ አንድ በአንድ ያዞራቸዋል። አንድ ቀን አንዱን ቀይ በሩ ላይ አስቀመጠና ቆም አለ። «እማማ፣ እሳት ቢነሳ በየት ይወጣሉ?» አለኝ። ከዚያ ራሱ አነሳው። እኛ አዘጋጆች የአደጋ ጊዜ መውጫን መዝጋት ክልክል መሆኑን ደንብ አንብበን ነው የምናውቀው። እሱ ዓይቶ አወቀው። አሁን እኔ ስሄድ የት እንደምሄድና ምን እንደምሠራ ያውቃል፤ ቀይ ጠረጴዛዎቹን ልደረድር ነው የምሄደው።

ልጅ ይዞ መጓዝስ? በዝግጅቱ ዕለት አይሆንም። ያን ቀን ዓይኔ ለሌላ ሰው አይበቃም። ከልቤ ልወስዳቸው ስፈልግ ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ሌላ ትልቅ ሰው ይዟቸው ይመጣል፣ ጥቂት ቀን አብረን እንቆያለን። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ብቻዋን ድንበር ስትሻገር ወላጆች የፈረሙበትና የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ የሚጠይቁ አገሮች ብዙ ናቸው። ቀድማችሁ አዘጋጁት። ፓስፖርትም ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት የሚሉ ብዙ አገሮች አሉ።

ሰውነትን መርሳት የለብንም። የሰዓት ልዩነት ሲበዛ ሰውነት የሚለምደው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅ መብረር ወደ ምዕራብ ከመብረር ይብሳል። ለዚህ ነው ከተመለስኩ በኋላ ያለውን ቀን የማቀልመው። በዚያ ቀን ልጆች ይዤ መኪና አልነዳም፣ ብቻዬን ሕፃን አልይዝም። እቅፍ አድርጌያቸው እተኛለሁ። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ ደግሞ እግር ላይ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት አሳይቷል። ዕድሉ በራሱ ትንሽ ነው። ቢሆንም በእኛ ዕድሜ ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ከዚህ ቀደም ደም የረጋባችሁ ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትሂዱ። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ ከነማሸጊያው፣ ከነሐኪም ትእዛዙ። ሻንጣ ይጠፋል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ግን አንድ ቀን አይታለፍም።

ከአየር ማረፊያ ጉንፋን ይዤ ከመጣሁ አራስ ያለበት ቤት አልገባም። ያማል፣ ግን አልገባም። አዲስ ሕፃን ሲጠበቅ የትክትክ ክትባቴን እንዳደስኩ አረጋግጣለሁ፤ ሕፃኑን ከማቀፍ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መከተብ ይመከራል።

ሌላው የቤተሰብ ዝግጅት ነገር ነው። አዘጋጅ የሆነች አያት ካለች ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ ሠርጉም እሷ ላይ ይወድቃል። «አንቺ ታውቂበታለሽ» ይባላል። እውነት ነው፣ አውቅበታለሁ። ግን ልደቱ ላይ ወንበር እየቆጠርኩ ከዋልኩ ሻማው ሲጠፋ ወጥ ቤት ነኝ። ስለዚህ ስምምነት አለን። እቅዱን እኔ አወጣለሁ። ማን ምን እንደሚያመጣ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ዝናብ ቢጥል የት እንደምንገባ እጽፋለሁ። ዝርዝሩን ለልጄ ባል አስረክበዋለሁ። በዕለቱ እኔ አያት ነኝ፣ ተቀምጬ ነው የምውለው። አንድ ነገር ቢጎድል ይጎድላል። ትልልቆቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ልጆቹ ግን የዚያን ቀን ጭኔ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ጉዞ ስመርጥ የምጠይቀው እኔ በአካል ካልተገኘሁ የሚበላሽ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው። ለተራ ስብሰባ አልሄድም። አዳራሽ ለማየት ግን ለትልቅ መድረክ አንድ ጊዜ መሄድ አለብኝ። ድምፁን፣ ሽንት ቤቱን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው የሚገባበትን መንገድ በቪዲዮ መመዘን አልችልም። የቀረውን ሠራተኛው ስልክ ይዞ እየዞረ ያሳየኛል። ትኬትም ቀኑ የሚቀየረውን ነው የምገዛው። ዋጋው ቢጨምርም ደንበኛዬን ቀድሜ አስረዳዋለሁ፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

አሁን ምራቴ እርጉዝ ናት። ሐኪሙ የሰጣት ቀን አለ። ግን በተባለው ቀን የሚወለደው ከ20 ሕፃናት አንዱ ገደማ ነው፤ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት መካከል መምጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ያለውን ጊዜ በሙሉ ካላንደሬ ላይ ዘግቼዋለሁ፣ ከወሊዱ በኋላ ያለውንም ሳምንታት። በዚያ ጊዜ አንድ ትልቅ ሥልጠና አለን። የምትመራው ምክትሌ ናት፣ ደንበኛውም ያውቃል፣ ውሉም በስሟ ነው። የደቂቃ ፕሮግራሙን በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን፤ የጥያቄ ዝርዝሯን ከአሁኑ ልካልኛለች።